የቆዳ ሊሽማኒያሲስ (ቁንጭር) በኦቾሎ

የቆዳ ሊሽማኒያሲስ በአማርኛ ቁንጭር የሚባለው ተላላፊ የቆዳ በሽታ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ሊሽማኒያ የተባለ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋሲ ሲሆን፣ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት። በጋሞ ዞን፣ ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተሰሜን የሚገኘው ኦቾሎ በኢትዮጵያ በሽታው ለብዙ ዓመታት ከተጠናባቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

ስምና ዝርያ

ሊሽማኒያ የተሰየመው በሐኪሙ በዊልያም ሊሽማን ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ሊሽማንና ቻርልስ ዶኖቫን ተሕዋሲውን በየፊናቸው ገለጹ። በኢትዮጵያ ቁንጭርን በዋናነት የሚያመጣው ዝርያ ሊሽማኒያ ኢትዮፒካ ይባላል፤ ይህን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ጉበትንና ጣፊያን የሚያጠቃው ካላዛር ግን የሚመጣው ሊሽማኒያ ዶኖቫኒ ከተባለ ሌላ ዝርያ ነው።

መተላለፊያው

የአሸዋ ዝንብ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ብቻ የምትረዝም ስትሆን፣ ስትበር ድምፅ አታሰማም። ደም የምትመጠው ሴቷ ብቻ ናት፤ ይህም ለእንቁላሏ ነው። ስትነክስ ተሕዋሲው ወደ ቆዳ ይገባል። ጀርም የሚውጡ የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ይውጡታል፤ እሱ ግን እዚያው ውስጥ ጭራውን ጥሎ ይራባል። ሊያጠፋው የመጣው ሕዋስ መኖሪያው ይሆናል ማለት ነው።

ለምን ኦቾሎ?

ኦቾሎ ዋሻና ስንጥቅ በበዛበት ዓለታማ ኮረብታ ላይ የተሠራ መንደር ነው። በስንጥቆቹ ውስጥ ሽኮኮዎች ይኖራሉ፤ ቀዝቃዛና እርጥበት ያለው ዋሻ ደግሞ ለአሸዋ ዝንብ ይመቻል። ቤቶቹም ከዓለቱ አጠገብ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲና የቤልጅየም ተመራማሪዎች ጥናት በአካባቢው በብዛት ያገኘው ፍሌቦቶመስ ፔዲፈር የተባለውን የአሸዋ ዝንብ ሲሆን፣ ተሕዋሲውንም በሽኮኮዎች ላይ አግኝቷል። ስለዚህ ሰዎች ቢታከሙም ተሕዋሲው በሽኮኮዎች ውስጥ ይቆያል።

ምልክቶች

ከተነከሱ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ፊት ላይ፣ ትንሽ እብጠት ይወጣል። ቀስ በቀስ ይሰፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለውም። በሽታው በአንድ ቦታ ሊወሰን፣ ወደ አፍንጫና አፍ ሊዘልቅ ወይም በሰውነት ላይ ሊሰራጭ ይችላል። የሚሰራጨው ዓይነት ከሥጋ ደዌ ጋር ሊምታታ ይችላል። በአንድ ቦታ የተወሰነው ብዙ ጊዜ በራሱ ይድናል፤ ነገር ግን ዓመታት ሊፈጅና የዕድሜ ልክ ጠባሳ ሊተው ይችላል። በኦቾሎ በይበልጥ የሚጠቁት ልጆች ናቸው፤ ታመው የዳኑ አዋቂዎች አብዛኛውን ጊዜ የመከላከል አቅም ያገኛሉ።

ምርመራ፣ ሕክምናና መከላከያ

ከቁስሉ ጠርዝ ናሙና ተወስዶ፣ በጊምሳ ቀለም ከተቀባ በኋላ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ትንሽ ቁስል በፈሳሽ ናይትሮጅን ቅዝቃዜ ይታከማል። ለከበደው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት በመርፌ ለሳምንታት ይሰጣል። ቁስሉን መተኮስ ጠባሳውን ያብሳል። ለሰው የሚሰጥ ክትባት እስካሁን የለም። በፀረ ተባይ የተነከረ አጎበር በሌሊት ይረዳል፤ ይሁን እንጂ ዝንቧ ከቤት ውጭም ስለምትነክስ ብቻውን አይበቃም።