በቅበላ ሰሞን የቀረበልኝ ጥያቄ

በቅበላ ሰሞን፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ዕድሜያቸው ከኀምሳ ጥቂት የዘለለ አንዲት ወይዘሮ በአዲስ አበባ ወደምሠራበት ክሊኒክ መጥተው፣ ከነነዌ ጾም ፍቺ ጀምሮ ረቡዕና ዓርብን በጎመን ብቻ እያሳለፉ፣ በሌላው ቀን እንጀራና ዳቦ ሳይቀምሱ በሥጋ፣ በእንቁላልና በአይብ እየዋሉ፣ በዘጠኝ ቀን ሦስት ኪሎ መቀነሳቸውን ፊታቸው በርቶ ከነገሩኝ በኋላ፣ «ዶክተር፣ እንግዲህ ሲያወፍረኝ የኖረው እንጀራው ነው ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

የሰውን ደስታ ማቀዝቀዝ ባልወድም እውነቱን መደበቅ ሙያዬ አይፈቅድልኝምና፣ ሰውነታችን ከእህል ያገኘውን ስኳር በጉበትና በጡንቻ ሲያከማች ለእያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ አብሮ እንደሚይዝ፣ እህሉ ሲቋረጥ ያ ስንቅ አልቆ ውሃውም እንደሚወጣ፣ ስለዚህ ከጎደለው ሦስት ኪሎ የሚበዛው ከስብ ይልቅ ውሃ ሳይሆን እንደማይቀር ገለጽሁላቸው። የኢንሱሊን መርፌ የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እህል ቢያቆም ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ስለሚችል፣ መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነ አስቀድሜ ጠየቅኋቸው፤ እሳቸው የሚወስዱት መድኃኒት አልነበረም።

በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ክሪስቶፈር ጋርድነርና ባልደረቦቹ 609 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ አንደኛው ወገን ቅባት ሁለተኛው ካርቦሃይድሬት እንዲቀንስ አድርገው አንድ ዓመት ከተከታተሉ በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ቅባት የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6.0 ኪሎ መክሳታቸውን አመለከቱ፤ ልዩነቱም አንዱን ከሌላው ለማስበለጥ የሚበቃ አልነበረም። በየወገኑ ውስጥ ግን 30 ኪሎ ያህል የከሳም፣ 10 ኪሎ ያህል የጨመረም ተገኝቷል። ሁለቱም ወገኖች አትክልት እንዲያበዙ፣ ስኳርና የፉርኖ ዱቄት እንዲተዉ መመከራቸውን እኔ ከቁጥሩ ሁሉ አብልጬ እመለከተዋለሁ።

ነገር ግን ለእኒህ ወይዘሮ ጥሉላት በተከለከለበት 55 ቀን ከእንጀራ፣ ከሽሮ፣ ከምስርና ከጎመን ሌላ ምን ይቀርላቸዋል? ከሥርዓተ ጾሙ ጋር የማይስማማ ምክር ለምእመን አይሰጥምና፣ ፊቴን ወደ ዘይቱ አዞርሁ፤ የጾም ወጥ ከጥሉላት የነጻ ነው እንጂ ከቅባት የነጻ አይደለም፣ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4 ካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም ዘይት 9 ይሰጣል። በጠረጴዛዬ ላይ ውሃ የተሞላ የዘይት ጠርሙስና ባዶ ኩባያ አኑሬ፣ ለአራት ሰው ሽሮ እንደሚሠሩ አድርገው እንዲቀዱ ለመንኋቸው። ጠርሙሱን ዘንበል አድርገው፣ እጃቸው በለመደው መጠን አፈሰሱ። በሾርባ ማንኪያ ስንሰፍረው 11 ሆነ፤ አንዱ የዘይት ማንኪያ 120 ካሎሪ ያህል ነውና፣ ከ1,300 በላይ ካሎሪ በአንድ ድስት። «ይኸ ሁሉ?» አሉና ኩባያውን አንሥተው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

ዘይቱን በ4 ማንኪያ ሊወስኑ፣ ከሁለት እንጀራ ወደ አንድ ሊወርዱ፣ የሻይ ስኳር ሊተዉ ተስማማን። እንጀራው ሲመለስ ውሃውም ተመልሶ ሚዛኑ ከፍ እንደሚል አስቀድሜ ነግሬአቸው ነበርና፣ በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ከጎደለው ሦስት ኪሎ ሁለቱ ሲመለስ አልደነገጡም።

በበዓለ ኀምሳ ተመልሰው ሲመጡ ከመጀመሪያው ክብደታቸው አራት ኪሎ ቀንሰው ነበር። እኔ ስለ ቅቤው ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ ከቦርሳቸው አንዲት የሾርባ ማንኪያ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ፤ «እሱንም በዚችው ነው የምሰፍረው» አሉኝ።