የኮምፒዩተር ገጽ እንደ ሕክምና መሣሪያ፦ የፍሮንት ኤንድ ባለሙያ ቅጥርና የጤና ሠራተኛው ድርሻ

መግቢያ

የደም ግፊት መለኪያም ሆነ የሕፃናት ሚዛን ትክክለኛነቱ ሳይረጋገጥ በሥራ ላይ እንዳይውል ይጠበቃል። የታካሚ ስም የሚመዘገብበት፣ መድኃኒት የሚታዘዝበትና የወሩ ሪፖርት የሚሞላበት የኮምፒዩተር ገጽ ግን እንደ ሕክምና መሣሪያ የሚታይበት ጊዜ ጥቂት ነው። ገጹን ማን እንደሠራውና ሠሪው በምን መስፈርት እንደተመረጠ የሚጠይቅ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ባለሙያ ለመንግሥት የጤና ተቋማት መምረጥ የአስተዳደር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የታካሚ ደኅንነት ጉዳይም መሆኑን ማስረዳት ነው።

የፍሮንት ኤንድ ባለሙያ ማነው?

ማንኛውም የኮምፒዩተር የመረጃ ሥርዓት ሁለት ወገን አለው። ነገሩን ከካርድ ክፍል ጋር ማነጻጸር ይቻላል። መደርደሪያውና በላዩ የተደረደሩት ካርዶች ከኋላ ያለው ወገን ናቸው፤ ታካሚው የሚቀርብበት መስኮት ደግሞ የፊተኛው ወገን ነው። ፍሮንት ኤንድ የሚባለው ይህ መስኮት ሲሆን፣ ተጠቃሚው የሚያየውን፣ የሚነካውን፣ የሚጽፍበትንና ማስጠንቀቂያ የሚያነብበትን ሁሉ ያጠቃልላል። መደርደሪያው የቱንም ያህል በሥርዓት ቢደራጅ መስኮቱ ከተበላሸ ካርዱ አይገኝም፤ ወይም የሌላ ሰው ካርድ ይወጣል።

ሲኒየር ወይም ከፍተኛ ባለሙያ የሚባለውም በአገልግሎት ዘመኑ ብዛት ብቻ አይደለም። የተጠቃሚውን አሠራር አጥንቶ ገጹ ምን መምሰል እንዳለበት የሚወስን፣ ጀማሪዎችን የሚያሠለጥን፣ እንዲሁም አደጋ የሚያስከትል ጥያቄ ሲቀርብለት ምክንያቱን አስረድቶ «ይህ መሠራት የለበትም» ለማለት የሚችል ሰው ነው።

ገጽ ሲሳሳት የሚደርስ ጉዳት

እ.ኤ.አ. በ2013 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳን ፍራንሲስኮ የሕክምና ማዕከል የደረሰው ሁኔታ ለዚህ በቂ ምስክር ነው። አንዲት ሐኪም ለ16 ዓመት ታካሚ 160 ሚሊግራም፣ ማለትም አንድ እንክብል፣ ኮትራይሞክሳዞል ለማዘዝ 160 የሚል ቁጥር ጻፈች። ገጹ ግን በዚያች ሰዓት መጠኑን የሚቀበለው በሚሊግራም ሳይሆን በሚሊግራም በኪሎግራም ነበር። ታካሚው 38.6 ኪሎግራም ይመዝን ስለነበር ኮምፒዩተሩ ቁጥሩን በክብደቱ አባዝቶ 38 እንክብል ተኩል አዘዘ። ማስጠንቀቂያ ታይቶ ነበር፤ ነገር ግን በየዕለቱ ከሚታዩት እጅግ ብዙ ማስጠንቀቂያዎች ስለማይለይ ሐኪሟም ፋርማሲስቱም አለፉት። ነርሷም እንክብሎቹን ሰጠች። ታካሚው ለከባድ የሚጥል ሕመም ተዳረገ፤ ሕይወቱ ግን ተርፏል።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የነበሩት ሁሉ የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ፤ ኮምፒዩተሩም ስሌቱን በትክክል አስልቷል። ከስህተቱ ምንጮች ዋነኛው በገጹ ላይ የመለኪያው ዓይነት ጎልቶ አለመታየቱና አደገኛው ማስጠንቀቂያ ከተራው አለመለየቱ ነበር። ሁለቱም የፍሮንት ኤንድ ሥራ ናቸው።

የአገራችን ሁኔታ

በኢትዮጵያ ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. የተተገበረው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የመረጃ አብዮትን ከአራቱ ዋና ዋና አጀንዳዎች አንዱ አድርጎት ነበር። ከዚያ ወዲህ መነሻው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የተሰኘው ሥርዓት ለአገር አቀፍ ሪፖርት ሥራ ላይ ውሏል። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በታብሌት የሚሠራ የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ተዘርግቷል። እነዚህን ገጾች የሚያስተካክል ባለሙያ ምን ማወቅ እንዳለበት ለመረዳት ከአዲስ አበባ ቢሮ ይልቅ በጎሬ ከተማ ወይም በዙሪያዋ ካለ ጤና ጣቢያ መነሣት ይሻላል።

በመጀመሪያ የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ አለ። የወሩ ሪፖርት ካለፈው ወር 21 እስከ ተያዘው ወር 20 ያለውን ጊዜ ይሸፍናል። በመሆኑም ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ያለው ጊዜ ጳጉሜን ስለሚጨምር 35 ቀናት፣ ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 36 ቀናት ይሆናል። አሥራ ሦስተኛ ወር መኖሩን የማያውቅ ገጽ የጳጉሜን ወሊድ የት እንደሚመዘግብ አያውቅም። ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚጻፍ በግልጽ ካልተመለከተም የነፍሰ ጡሯ የመጨረሻ የወር አበባ ቀን ይዛባል፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው የሕፃኑ ክትባት ቀጠሮም እንዲሁ።

ሁለተኛው የስም ጉዳይ ነው። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሀይ ተብሎ ቢጻፍ ለአንባቢ አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን አራት የተለያዩ ስሞች ናቸው። በኢሉባቦር የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ በመሆኑ ያው ስም በቁቤ ሲጻፍ አምስተኛ መልክ ይይዛል። ለምሳሌ አንዲት እናት በጎሬ አካባቢ ክትትል ስታደርግ ቆይታ ምጥ ሲጸናባት ወደ መቱ ካርል ሆስፒታል ብትላክና ስሟ በሌላ ፊደል ቢፈለግ፣ «አልተገኘም» የሚል መልስ ሊወጣ ይችላል። አዲስ ካርድ ይከፈትላታል፤ ቀደም ሲል በቀዶ ሕክምና መውለዷ ግን በአሮጌው ካርድ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። ብቁ ባለሙያ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት አንድ አድርጎ የሚፈልግ መስኮት ይሠራል፤ የቤተሰብ ስም የሚል ሣጥን አስቀምጦ ሰውን ከማስጨነቅም ይልቅ የአባትና የአያት ስም ይጠይቃል።

ሦስተኛው የመብራትና የኔትወርክ ጉዳይ ነው። ዝናቡ ረጅም በሆነበት በዚያ ደጋ መብራት ሲጠፋ ወይም መስመር ሲቋረጥ የተጻፈው ሁሉ የሚጠፋ ከሆነ፣ የጤና ሠራተኛው ተስፋ ቆርጦ ወደ ወረቀት መዝገቡ ይመለሳል። ሥርዓቱም ለስም ብቻ ይቀራል። ስለሆነም ገጹ መረጃውን በመሣሪያው ላይ አቆይቶ መስመሩ ሲመለስ የሚልክ፣ መላኩንና አለመላኩንም በግልጽ የሚያሳይ ሊሆን ይገባል።

የቅጥሩ ሂደት

በተለምዶ የመንግሥት የሥራ ማስታወቂያ የትምህርት ደረጃንና የሥራ ልምድን ዓመት ይጠይቃል፤ ከዚያም የጽሑፍ ፈተናና ቃለ መጠይቅ ይከተላል። እነዚህ ለፍትሐዊነት አስፈላጊ ናቸው። ነገር ግን አመልካቹ ከላይ የተዘረዘሩትን ችግሮች መፍታት መቻሉን አያሳዩም።

ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2013 የተከፈተው የጤና መድን መመዝገቢያ ድረ ገጽ በመጀመሪያው ቀን መመዝገብ የቻለው 6 ሰው ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የአገሪቱ መንግሥት የራሱን የዲጂታል ባለሙያዎች ቡድን አቋቋመ። ይህ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 የቅጥርን አሠራር በሙከራ መልክ ለውጦ ነበር። ከዚያ በፊት አመልካቾች ችሎታቸውን በመጠይቅ ራሳቸው ይመዝኑ፣ የሰው ኃይል ሠራተኞችም ይለዩአቸው ነበር። በሙከራው ግን ሥራውን በተግባር የሚያውቁ ባለሙያዎች የአመልካቾቹን ማስረጃ መርምረው ቃለ መጠይቅ አደረጉ።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን ሐሳቦች በሥራ ላይ ማዋል ይቻላል፦

1. በመራጭ ኮሚቴው ውስጥ አንድ የሶፍትዌር ባለሙያና ቢያንስ አንድ ገጹን በየቀኑ የሚጠቀም ነርስ፣ አዋላጅ ወይም የጤና መረጃ ሠራተኛ ይካተት።

2. የተግባር ፈተናው እውነተኛ ችግርን ይዞ ይቅረብ። ለምሳሌ የነፍሰ ጡር ክትትል ቅጽ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር፣ መስመር ሲቋረጥም እንዲሠራ አድርጎ ማዘጋጀት ሊጠየቅ ይችላል። የአፋን ኦሮሞ ቃላት በድርብ ፊደላት ምክንያት ረዘም ስለሚሉ በጠባብ ሣጥን ተቆርጠው አለመቅረታቸው ይታይ።

3. የተሠራው ቅጽ ከዚህ ቀደም ላላየው አንድ የጤና ሠራተኛ ይሰጥ። አመልካቹ ምንም ሳያስረዳ ሠራተኛው ሲቸገር በዝምታ ይመልከት፤ በኋላም ምን እንደሚያስተካክል ይጠየቅ። የከፍተኛ ባለሙያ ምልክቱ ጥፋቱን በተጠቃሚው ላይ አለማላከኩ ነው።

4. ፈተናው በእውነተኛ የታካሚ መረጃ አይካሄድ። ይህ የሙያው ሥነ ምግባር ግዴታ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሚያስታውሰው ነው።

5. የተቀጠረው ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በአንድ ጤና ጣቢያ ተቀምጦ የካርድ ክፍሉን፣ የእናቶችና ሕፃናት ክፍሉንና ፋርማሲውን አሠራር ይመልከት።

በዚህ ላይ የደመወዝ ጉዳይ ሊሸሸግ አይገባውም። ልምድ ያለው ባለሙያ በግል ድርጅት፣ ወይም ከቤቱ ሆኖ ለውጭ አገር ድርጅት ሠርቶ ከመንግሥት የደመወዝ እርከን እጅግ የላቀ ገቢ ሊያገኝ ይችላል። በአጋር ድርጅት ፕሮጀክት መቅጠር ክፍተቱን ለጊዜው ይሞላል፤ ሆኖም ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ዕውቀቱም ከባለሙያው ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ከቅጥሩ ጎን ለጎን የአሠራሩ ሰነድ መጻፉ፣ ጀማሪ ባለሙያዎች በሥሩ መሠልጠናቸው፣ እንደ መቱ ዩኒቨርሲቲ ካሉ በቅርብ የሚገኙ ተቋማት ጋርም የተግባር ልምምድ መመቻቸቱ ጠቃሚ ነው።

ማጠቃለያ

የጤና ሠራተኛው ገጹ ሲያስቸግረው ጉድለቱ የራሱ የኮምፒዩተር ዕውቀት ማነስ አድርጎ መቀበሉ የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጉድለቱ የመሣሪያው ነው። የተበላሸ ሚዛን ሪፖርት እንደሚደረግ ሁሉ፣ ስም የማያገኝ፣ ቀን የሚያዛባና የተጻፈውን የሚያጠፋ ገጽም ቀኑና ሁኔታው ተመዝግቦ ሪፖርት ሊደረግ ይገባዋል። የእነዚህ መዝገቦች ስብስብ ለቀጣዩ ቅጥር ከሁሉ የተሻለ የፈተና ጥያቄ ይሆናል። በጎሬ ሌሊት በባትሪ ብርሃን የምትመዘግበው አዋላጅ በመራጮቹ ወንበር ላይ ባትቀመጥ እንኳ፣ የጻፈችው ማስታወሻ በኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ ሊገኝ ይገባል።