ብርድም ይገድላል

እሑድ ጠዋት ነው እንበል። ከሽሮ ሜዳ በታክሲ ተሳፍራችሁ ወደ እንጦጦ ወጥታችኋል። ሰማዩ ጠርቷል፤ ፀሐዩ ደስ ይላል፤ የባሕር ዛፉ ሽታ ልብን ይከፍታል። ሹራባችሁንም «ለሁለት ሰዓት ሽርሽር ምን ያደርግልኛል?» በማለት አልጋ ላይ ጥላችሁት መጥታችኋል። እየተጫወታችሁ ጫካ ለጫካ ወደ ምሥራቅ ስትጓዙ፣ ልክ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ደመናው በድንገት ይወርዳል፤ ነጐድጓዱ ያጓራል፤ ዝናቡ ከበረዶ ጋራ ተደባልቆ ይለቀቅባችኋል። ታክሲ የሚገኝበት መንገድ አንድ ሰዓት ያስኬዳል። ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ?

«ምን እናደርጋለን፤ እየሮጥን እንወርዳለን! ዝናብ ማንን ገደለ?» የምትሉኝ እንደ ሆነ፣ ይኸን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናችኋለሁ። እኔም እስካለፈው ዓመት ሰኔ ድረስ እንዲሁ እል ነበርና።

በመጀመሪያ ግን እንጦጦን እንተዋወቀው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓመታት መናገሻቸውን በዚህ ተራራ ላይ አድርገው ነበር። ቦታው ጠላትን ከሩቅ ለማየት እጅግ የሚመች ነው፤ ለኑሮ ግን አልተመቸም። ብርዱና ነፋሱ ያስመርር ነበር፤ ማገዶውም እያለቀ ሄደ። እቴጌ ጣይቱ ከተራራው በታች ያለውን የፍልውሃውን ሜዳ ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቈረቈረች፤ ቤተ መንግሥቱም ሕዝቡም ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረደ። ምንም እንኳ ንጉሡ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚያው በእንጦጦ ማርያም ቢሆን፣ ከተማዪቱ ተመልሳ ወደ ላይ አልወጣችም። እንግዲህ ዛሬ የምንኖርባት ዋና ከተማ ከተመሠረተችባቸው ምክንያቶች አንዱ የእንጦጦ ብርድ ነው ብንል አላጋነንንም። አባቶቻችን የሸሹትን ብርድ እኛ በአንድ ከናቴራ ልንቋቋመው እንወጣለን!

ነገሩ በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። መስቀል አደባባይ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያኽል ይሆናል፤ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ 3,200 ሜትር ገደማ ነው። አየር ወደ ላይ አንድ ሺሕ ሜትር በወጣን ቍጥር በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያኽል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ፒያሳ ላይ ሞቅ ብሎን ስንሄድ፣ ያን ጊዜውኑ እንጦጦ ላይ አምስት ዲግሪ ያኽል ቀንሶ ይገኛል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬት የቀን ሙቀቷን ሌሊት ወደ ላይ ትለቃለች፤ ንጋት ላይ ሣሩ ውርጭ ለብሶ የሚታየውም ስለዚህ ነው። ይኸን የበጋ ብርድ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጋቢ ደርበን እንጠብቀዋለን። የማናውቀው የክረምቱን ነው። የክረምት ቀን የሙቀት መለኪያው ዐሥር ዲግሪ ቢያሳይ ማንም «ብርድ ነው» ብሎ አይፈራም። ነገር ግን ውሃ ከአየር ይልቅ ሃያ አምስት ጊዜ ያኽል ፈጥኖ ሙቀትን ከሰውነት ይወስዳል። የራሰ ልብስ በገላችን ላይ ሲለጠፍ፣ ነፋሱም ያንን እርጥበት እያተነነ ሲያደርቀው፣ የገላችን ሙቀት አብሮ ይሄዳል። ጥጥ ደግሞ ከራሰ በኋላ ሙቀት የመያዝ ኀይሉ ይጠፋል። ሱፍ ግን ርሶም ቢሆን ጥቂት ያሞቃል። የመንዝ ሰው ባናውን ከበግ ጠጕር የሚሠራው፣ እረኛውም ዝናብ ሲመጣ ገሳውን የሚደፋው እንዲያው ለልማድ አይደለም።

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። ባለፈው ዓመት በሰኔ መጀመሪያ ሠላሳ ያኽል ተማሪዎቼን ይዤ እንጦጦ ወጣሁ። የጂኦግራፊ ትምህርት በዐይን ሲታይ ይሻላል ብዬ ነበር። ከተራራው ጀርባ ላይ አቁሜ፣ በደቡብ በኩል የወደቀው ዝናብ በአቃቂ አድርጎ ወደ አዋሽ፣ በሰሜን በኩል የወደቀው ደግሞ በሙገር አድርጎ ወደ ዓባይ እንደሚሄድ አሳየኋቸው። ይኸንኑ ስናገር ዝናቡ ራሱ መጣ። በረዶው ዛፍ ሥር አስጠግቶ ሃያ ደቂቃ ያኽል ደበደበን፤ ከዚያም ነፋስ ተነሣ።

ከልጆቹ መካከል ከሲታ የሆነ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር። የለበሰው የጥጥ ከናቴራና ጂንስ ሱሪ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሲንቀጠቀጥ ጓደኞቹ ሳቁበት፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ። እኔም «አይዞህ፤ ወንድ ልጅ ብርድ አይፈራም!» አልሁት። ቀጥሎ ወደ ኋላ መቅረት ጀመረ። የጫማው ማሰሪያ ቢፈታበት ጣቶቹ አልታዘዝ ብለውት ትቶት ሄደ። ሁለት ጊዜ ተደናቀፈ። ጥያቄ ብጠይቀው የመለሰልኝ ቃል ተኰላትፎ አልገባኝም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን መንቀጥቀጡን አቆመ፤ ዝም ብሎም መራመድ ያዘ። እኔም ሞኙ «እሰይ፤ ለመደው» ብዬ ደስ አለኝ።

በዚያን ጊዜ ቅጠል የተሸከሙ አንዲት እናት ከፊታችን መጡ። ሸክማቸውን እንደ ያዙ ቆም ብለው ልጁን አስተዋሉት። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው፦

«አንተ ልጅ፤ አስተማሪያቸው ነህ? ይኽ ልጅ ዝም ያለው ጨዋ ሆኖ እንዳይመስልህ። ብርድ ገብቶበታል» አሉኝ።

ቤታቸው ከዚያ ሩቅ አልነበረም። ልጁን ደግፈን አስገባነው። የራሰ ልብሱን አስወልቀው በደረቅ ጋቢ ጠቀለሉት፤ ራሱንና አንገቱን በነጠላ ሸፈኑለት፤ ከመሬቱ አንሥተው ቈርበት በተነጠፈበት መደብ ላይ አስቀመጡት። እኔ ወደ እሳቱ ላስጠጋው ብል «ተው፤ ቀስ ይበል» ብለው ከለከሉኝ። ስኳር የበዛበት ሻይ አፍልተው በጥቂት በጥቂቱ አጠጡት። ግማሽ ሰዓት ያኽል እንደ ቈየ ልጁ እንደ ገና ይንቀጠቀጥ ጀመር። እኔ ደነገጥሁ፤ እሳቸው ግን «እሰየው! ተመለሰ» አሉ። በኋላም ጤና ጣቢያ ወስደን ስናሳየው፣ የራሰውን ልብስ ወዲያው ማውለቃችን በጅቶታል ተባልን።

የእኚህ እናት ዕውቀት ከሐኪሞች ቃል ጋራ አንድ ሆኖ ያገኘሁት መጻሕፍት ካገላበጥሁ በኋላ ነው። የጤነኛ ሰው የውስጥ ሙቀት 37 ዲግሪ ገደማ ነው። ይኽ ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሐኪሞች ሃይፖተርሚያ ይሉታል። መንቀጥቀጥ ሰውነት ጡንቻን እያሠራ ሙቀት የሚያመርትበት መከላከያ ነው። ሰውዬው ሳይሞቀው መንቀጥቀጡን ቢያቆም፣ ድኗል ማለት ሳይሆን መከላከያው ተሸንፏል ማለት ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ብርዱ አእምሮንም የሚያደነዝዝ መሆኑ ነው። የተጎዳው ሰው መጎዳቱን አያውቅም፤ ቢጠይቁት «ደኅና ነኝ» ይላል። ስለዚህ ዳኛው እሱ ሳይሆን ጓደኛው መሆን አለበት። የሚነጫነጭ፣ የሚንተባተብ፣ ዕቃ ከእጁ የሚያመልጠው፣ የሚደናቀፍ ጓደኛ ባያችሁ ጊዜ አትሣቁበት፤ ጉዞውን አቁሙ።

«ይኽ ሁሉ ለአንድ ዝናብ?» የሚል አይጠፋም። እንግዲያውስ በቻይና የሆነውን ስሙ። ግንቦት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በጋንሱ ክፍለ ሀገር 100 ኪሎ ሜትር የሚፈጅ የተራራ ሩጫ ተደርጎ 172 ሯጮች ተሰለፉ። ወሩ የክረምት ወር አልነበረም፤ ቦታውም ከእንጦጦ ጫፍ ዝቅ ያለ ነው። ብዙዎቹ ቁምጣና ስስ ከናቴራ ለብሰው ነበር። ቀትር ገደማ በረዶ፣ ቀዝቃዛ ዝናብና ብርቱ ነፋስ ወረደባቸው። በዚያ ቀን 21 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹም ውስጥ በአገራቸው ስመ ጥር የሆኑ ሯጮች ይገኙባቸዋል። የሰውነት ጥንካሬ ከነፋስና ከርጥበት አላዳናቸውም። ከሌሎቹ መካከል ስድስቱን ያተረፋቸው ማን ይመስላችኋል? አንድ በግ ጠባቂ ነው። ወደ ተጠለለበት ዋሻ አስገብቶ፣ እሳት አንድዶ፣ ብርድ ልብስ አልብሶ አዳናቸው። ይኸን ታሪክ ባነበብሁ ቍጥር የእንጦጦዋ እናት ፊት ይታየኛል።

የሚጠበቅ ብርድና ያልተጠበቀ ብርድ አንድ አይደሉም። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ከኢትዮጵያ ደጋ ብርድ የባሰ፣ ከዜሮ በታች ብዙ ዲግሪ የሚወርድ ክረምት ጠብቆታል። ነገር ግን ዘማች ብርድ ወዳለበት አገር መሄዱን ያውቃል፤ ወፍራም ልብሱን ይለብሳል፤ አለቃውም ይቈጣጠረዋል። የሽርሽር ሰው ግን አለቃ የለውም። ስለዚህ የራሳችን አለቃ ራሳችን እንሁን።

ዝግጅቱ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከየካም በኩል ሆነ ከጉለሌ ወደ ተራራው ስትወጡ አንድ ደረቅ ሹራብ በፌስታል አጥብቃችሁ አስራችሁ ያዙ፤ ይኽ ሹራብ ዝናብ እስኪያልፍ ድረስ አይከፈትም። ሁለት ሦስት የላስቲክ ከረጢት ጨምሩበት። ትልቁን ለራስና ለክንድ ማውጫ ቀዳችሁ ብትለብሱት፣ የነፋስና የዝናብ መከላከያ ይሆናል። በሶ ወይም ቆሎ አይለያችሁ፤ የተራበ ሰውነት ሙቀት የሚያመርትበት ነዳጅ የለውምና። የእጅ ባትሪና ፊሽካ ያዙ፤ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ መንፋት በብዙ አገር የ«ድረሱልኝ» ምልክት ነው። ስልካችሁን በደረት ኪሳችሁ አድርጉት፤ ባትሪው ሲቀዘቅዝ ቶሎ ይደክማልና። በየት በኩል እንደምትሄዱና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለቤት ሰው ንገሩ። ከመነሣታችሁም በፊት የመመለሻ ሰዓት ቍረጡ፤ ሰዓቱ ሲደርስ የትም ብትሆኑ ፊታችሁን አዙሩ።

ጓደኛችሁ ብርድ ቢገባበትስ? ከነፋስ አስጠልሉት፤ ርጥቡን አውልቃችሁ ደረቁን አልብሱት፤ ከሥሩ ቅጠል ወይም ቦርሳ አንጥፉለት። አካል ለአካል ተጠጋግታችሁ አሙቁት። ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ጣፋጭና ሞቅ ያለ ነገር ስጡት። እጅና እግሩን በብርቱ አትሹት፤ አረቄም አታቅምሱት። አረቄ የቆዳን ደም ሥሮች ከፍቶ ለጊዜው የሞቀ ያስመስላል እንጂ የውስጡን ሙቀት ወደ ውጭ ያፈሳል። አእምሮው የተደናገረ ወይም የደከመ እንደ ሆነ በዝግታ ያዙት፤ ወዲያውኑም በአዲስ አበባ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ቁጥር በሆነው 939 ወይም በቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ደውሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ብርድ ተራራ ላይ ብቻ አይደለም የሚገድለው፤ ከተራራ ወርዶ በተከራዩት ጠባብ ክፍል ውስጥም በሌላ መንገድ ይገድላል። በርና መስኮት ዘግታችሁ የከሰል ማንደጃ አስገብታችሁ አትተኙ። ከሰሉ ጭሱ ቢጠፋም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ ይወጣዋል፤ የተኛን ሰው ሳያነቃው ይወስዳል። ማንደጃውን አውጥቶ ሁለት ጋቢ መደረብ ይሻላል።

የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ተራራው በጥርጊያ መንገድና በቡና ቤት ተውቧል፤ ወጣቱም በብዛት ይወጣል። ይኽ ያስደስታል። እኔም ከተማሪዎቼ ጋራ መውጣቴን አልተውሁም። ልዩነቱ፣ አሁን ከመነሣታችን በፊት በትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ የእያንዳንዱን ቦርሳ አያለሁ፤ ደረቅ ሹራብ ያልያዘ ተመልሶ ያመጣል። «ወንድ ልጅ ብርድ አይፈራም» የሚለውን ቃል ግን ከአፌ አውጥቼዋለሁ። ያ ልጅ ዘንድሮ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ በጉዞ ላይ ከሁሉ ኋላ የሚሄደው እሱ ነው። ደክሞት አይደለም፤ ዝም ያለ ሰው እንዳለ ለማየት ነው።