የተጨመረ ቅዝቃዜ ወይስ የተዛወረ ሙቀት? በጥንታዊ የስፖርት መኪና ላይ የአየር ማቀዝቀዣ ስለመግጠም

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ የቀረበ ገለጻ፤ ጽሑፉ ከድምፅ ቅጂ የተዘጋጀ ነው።)



ለዛሬው ገለጻ የመረጥሁት ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ የቅንጦት ጉዳይ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስድሳ ዓመት ባለፈው የእንግሊዝ የስፖርት መኪና ላይ የአየር ማቀዝቀዣ መግጠም የጥቂት ባለጸጎች ጭንቀት እንጂ የእኛ ጉዳይ አይደለም የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ሆኖም በመማሪያ ክፍል ለየብቻ የምናስተምራቸው ነገሮች፣ ማለትም የሙቀት ሽግግር፣ የኤሌክትሪክ ጭነትና የአየር ፍሰት፣ ከቅርስ አጠባበቅ ጋር ሳይቀር በአንድ ጠባብ ኮፈን ሥር ሲጋፉ የሚታዩበት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ስሕተቱም ዋጋ ያስከፍላል፤ በአንድ ቀን የተሳሳተ ሥራ ግማሽ ምዕተ ዓመት የኖረ ሞተር ሊበላሽ ይችላል።

ለምሳሌ የምወስደው ጃጓር ኢ-ታይፕን ነው። መኪናው በኮቨንትሪ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1961 በጄኔቫ ለዓለም ታየ። የቅርጹ ባለቤት ማልኮም ሴየር የአየር ፍሰት ሊቅ ነበር፤ ስለዚህም የመኪናውን አፍንጫ ረጅምና ዝቅ ያለ፣ አየር የሚገባበትን አፍ ደግሞ ጠባብ እንቁላል መሰል አድርጎ ቀረጸው። ከኮፈኑ ሥር 3.8 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር ያለው ሞተር ተቀምጧል፤ ብሎኩ ከብረት፣ ቴስታው ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው። ይህን የሁለት ብረቶች ጋብቻ አስታውሱልኝ። ከመጠን በላይ ሲግል መጀመሪያ የሚጣመመው ቴስታው ነውና። ጣሪያ ያለው የዚህ መኪና ዓይነት የፊት መስታወቱ የተጋደመ፣ የኋላ መስታወቱም ሰፊና ወደ ሰማይ የዞረ ነው። ለእንግሊዝ ደመናማ ቀን ይህ ሁሉ መልካም ነበር። ነገር ግን ከተሠሩት ኢ-ታይፖች አብዛኞቹ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ ከእነዚያም መካከል እንደ አሪዞና ባሉ፣ በበጋ 40 ዲግሪ ሴልሲየስ ማለፍ በተለመደባቸው ግዛቶች የከረሙ አሉ። የዛሬው ጥያቄያችን የሚነሣውም ከዚያ ነው።

በገበያ ላይ ለእንዲህ ያሉ መኪኖች የተዘጋጁ ሙሉ የመግጠሚያ ዕቃዎች ይሸጣሉ። ገዢው ሣጥኑን ከፍቶ፣ ኮምፕሬሰሩን፣ ኮንደንሰሩን፣ ቱቦውንና ኢቫፖሬተሩን አይቶ፣ «ቅዝቃዜ ገዛሁ» ይላል። የስሕተቱ ሥር ያለው በዚህ አነጋገር ውስጥ ነው። ቅዝቃዜ የሚባል ዕቃ የለም። ያለው ሙቀት ብቻ ነው፤ መሣሪያውም የሚያደርገው ሙቀቱን ከተሳፋሪው ክፍል አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ማጓጓዝ ነው። ለጉዞውም የትራንስፖርት ክፍያ አለ፤ ክፍያው ራሱ ሙቀት ሆኖ በጭነቱ ላይ ይደመራል። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ያህል ይቀዘቅዛል?» ሳይሆን «ሙቀቱ የት ይራገፋል?» የሚለው ነው። በኢ-ታይፕ ላይ ማራገፊያው ያች ጠባብ አፍ ናት፤ እዚያ ደግሞ ራዲያተሩ አስቀድሞ ሰፍሮበታል።

አሁን ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። ቁጥሮቹ ግምቶች ናቸው፤ ነገር ግን ከእውነት የራቁ አይደሉም። ፀሐይ በአናት ላይ ስትሆን በአንድ ካሬ ሜትር 800 ዋት ያህል ታወርዳለች እንበል። መስታወቱ ወደ ሰማይ የሚያሳየው ስፋት 1.5 ካሬ ሜትር ቢሆንና ከሚያርፍበት ጨረር ሦስት አራተኛውን ቢያሳልፍ፣ ወደ ውስጥ የሚገባው 900 ዋት ይሆናል። ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 100 ዋት ያህል ይሰጣሉ። በአሮጌ የበር ጎማዎች በኩል በሰከንድ 30 ሊትር የውጭ አየር ቢሾልክና በውጭና በውስጥ መካከል የ20 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር 720 ዋት ይጨመራል። ከሞተሩ ግድግዳና ከካምቢዮው ዋሻ የሚመጣውን በትንሹ 700 ብንለው ድምሩ ከ2.5 ኪሎ ዋት ይበልጣል። ፀሐይ ላይ ቆሞ የጋለ መኪና ቶሎ እንዲበርድ ከተፈለገና የአየሩ እርጥበትም ከታሰበ፣ 4 ኪሎ ዋት የሚያነሣ መሣሪያ ቢመረጥ ማጋነን አይደለም። ኮምፕሬሰሩ ይህን ለማድረግ ከሞተሩ 2 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል። የተነሣው 4 እና የተከፈለው 2 ተደምረው በኮንደንሰሩ በኩል መውጣት ያለበት ሙቀት 6 ኪሎ ዋት ይሆናል።

ኮንደንሰሩ የሚቀመጠው ከራዲያተሩ ፊት ነው። በእርሱ ውስጥ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ኪዩብ አየር ያልፋል ብንል፣ 6 ኪሎ ዋት ያንን አየር በ10 ዲግሪ ያሞቀዋል። የውጩ ሙቀት 40 ከሆነ ራዲያተሩ የሚያገኘው አየር 50 ዲግሪ ሆኖ ይደርሰዋል ማለት ነው። የሞተሩ ውሃ በ85 ዲግሪ ላይ ነው እንበል፤ ሙቀትን የሚገፋው ልዩነት 45 የነበረው ወደ 35 ወረደ። በአጭሩ፣ ራዲያተሩን ማንም ሳይነካው ከአቅሙ ከአምስት እጅ አንዱን የሚበልጥ ተቀነሰበት። ኮንደንሰሩ ራሱ በአየሩ መንገድ ላይ የሚያደርገውን መጋረድ ገና አልቆጠርንም።

መኪናው በአውራ ጎዳና ሲሮጥ ነፋሱ ስለሚያግዝ ይህ ጉድለት ላይታይ ይችላል። የሚታየው በትራፊክ መብራት ላይ ነው። መኪናው ቆሟል፤ አየር የሚስበው ቬንቲሌተሩ ብቻ ነው፤ ከኮፈኑ ሥር የወጣው ትኩስ አየር ደግሞ በመኪናው ሆድ ሥር ዞሮ ተመልሶ በአፉ ይገባል። ሞተሩ የራሱን ትንፋሽ መልሶ ይተነፍሳል። በኮንደንሰሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይወጣል፣ ኮምፕሬሰሩ ይከብደዋል፣ የሞተሩ ዙር ይወርዳል፣ የውሃው መርፌ ይነሣል። (እግረ መንገዴን፣ እኛ በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ለምንኖር አንድ ነገር ልጨምር፦ እዚህ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ በዚያው የአየር መጠን 6 ኪሎ ዋት ብናወጣ የሙቀቱ ጭማሪ 10 ሳይሆን 13 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ደግነቱ ለከተማችን የአየር ጠባይ ይህን መሣሪያ አጥብቆ የሚሻ ጥቂት ነው፤ አዋሽን ተሻግሮ ወደ ሰመራ ለሚወርድ ግን ነገሩ ሌላ ነው።)

ኮምፕሬሰሩም የራሱ ጠባይ አለው። የሚዞረው ከሞተሩ በቺንጋ ስለሆነ ብዙ ሥራ በሚፈለግበት ጊዜ፣ ማለትም ቆመን ስንጠብቅ፣ ዝግ ብሎ ይዞራል። በተለምዶ ለእነዚህ መኪኖች የሚገጠሙት ትንንሽ ኮምፕሬሰሮች ያለማቋረጥ ከ6000 ዙር በላይ እንዲሠሩ አልተሠሩም። ሞተሩ በደቂቃ 700 ዙር ቆሞ ሲሠራ ኮምፕሬሰሩ እንዲፈጥን ፑሊው ቢያንስና ንጽጽሩ 1.2 ቢሆን፣ ቆሞ ሲሠራ 840 ዙር ያገኛል፤ ሞተሩ 5500 ሲደርስ ግን ኮምፕሬሰሩ 6600 ሆኖ ከልኩ ያልፋል። የፑሊ ምርጫ እንግዲህ ከየትኛው ጉዳት ጋር መኖር እንደምንመርጥ መወሰን ነው። «ታዲያ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ኮምፕሬሰር ለምን አንገጥምም?» የሚል ተማሪ ሁልጊዜ አለ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። ነገር ግን 2 ኪሎ ዋት በ12 ቮልት መኪና ላይ ከ150 አምፔር በላይ መሆኑን አስሉት።

የኤሌክትሪኩ ነገር ከተነሣ፣ ሥራው ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ 3.8 ሊትር መኪኖች ኃይል የሚያገኙት ከዲናሞ ነበር፤ በሙሉ አቅሙ ቢሠራ የሚሰጠው ከ30 አምፔር አይበልጥም፤ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ደግሞ ከምንም አይቆጠርም። የውስጡ አየር ማንፈሻ 10፣ የኮንደንሰሩ ቬንቲሌተር 15፣ የኮምፕሬሰሩ ክላች 4 አምፔር ቢወስዱ፣ የፊት መብራትና ማቀጣጠያ ሳይቆጠሩ ዲናሞው አለቀ። ባትሪው ዝም ብሎ ይደማል። በ1964 የመጣው 4.2 ሊትር ሞዴል አልተርኔተር ያለው በመሆኑ ቆሞም ቢሆን የተሻለ ይሰጣል። ሌላም ወጥመድ አለ፦ የቀደመው መኪና ከአካሉ ጋር የሚያያዘው የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ነው። ይህን ያላስተዋለ ሠራተኛ ዘመናዊውን ቬንቲሌተር እንደለመደው ሲያገናኘው፣ ሞተሩ ቋሚ ማግኔት ያለው ዓይነት ከሆነ ወደ ኋላ ይዞራል። ድምፁ ይሰማል፣ ነፋሱም ይሰማል፤ ነገር ግን አየሩን ከመሳብ ይልቅ ከሚመጣው ነፋስ ጋር ይታገላል። በዚህ ሁኔታ «ራዲያተሩ አርጅቷል» ተብሎ ሁለት ጊዜ ራዲያተር የተለወጠለት መኪና አይቻለሁ።

ፋብሪካው ራሱ ምን አደረገ? በ1968 የወጣው ሁለተኛው ተከታታይ ሞዴል ላይ ጃጓር የአየር ማቀዝቀዣን በምርጫ አቀረበ። ብዙ ባለቤቶች ይህን እንደ ማስረጃ ይጠቅሳሉ፤ «ፋብሪካው ከገጠመው እኔስ ለምን አልገጥምም?» ይላሉ። ነገር ግን የዚያኑ ሞዴል ፊት ተመልከቱ፦ የአፉ መክፈቻ ሰፍቷል፣ በራዲያተሩ በኩልም በአንድ ፈንታ ሁለት የኤሌክትሪክ ቬንቲሌተሮች ተተክለዋል። የመሣሪያው ሣጥን ከዚያ ሁሉ ለውጥ አንዱ ክፍል ብቻ ነበር። የ1961ን መኪና ወስዶ ሣጥኑን ብቻ መግጠም ከፋብሪካው ትምህርት ግማሹን መተው ነው።

ስለዚህ እኔ የምመክረው የሥራ ቅደም ተከተል ከተለመደው የተገለበጠ ነው። መጀመሪያ ጭነቱን መቀነስ። የበሩን ጎማዎች መለወጥ፣ የሞተሩን ግድግዳና የካምቢዮውን ዋሻ ሙቀት በሚከለክል ንጣፍ መሸፈን፣ ለመስታወቱ የማይታየውን የፀሐይ ጨረር የሚመልስ ግልጽ ሽፋን መለጠፍ። አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ አለ፣ ከሁሉ ርካሹና ከሁሉ የሚረሳው፦ የማሞቂያው ውሃ ቧንቧ። አሮጌው ቧንቧ ተዘግቶም ቢሆን ትንሽ ስለሚያሳልፍ፣ 85 ዲግሪ የሆነ ውሃ በተሳፋሪው እግር ሥር ቀኑን ሙሉ ይዞራል። የአየር ማቀዝቀዣው እንግዲህ ከራሱ መኪና ማሞቂያ ጋር ሲታገል ይውላል። በመንገዱ ላይ በደንብ የሚዘጋ ቧንቧ ማስገባት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ከዚህ በኋላ የሞተሩን የማቀዝቀዣ አካል ማደስ፤ ከዚያ አልተርኔተሩ፤ መሣሪያው በመጨረሻ። ከሦስቱ የመጀመሪያ እርምጃዎች በኋላ «አሁን ይበቃኛል» ብሎ መሣሪያውን ሳይገዛ የሚቀር ባለቤት ቢኖር አይገርመኝም፤ ብልህ ሰው ነው እላለሁ። ጣሪያ አልባው መኪና ላይ መግጠም ግን ከመጀመሪያውም ትርጉሙ አይገባኝም።

ስለ ጋዙ በአጭሩ። በዚያ ዘመን የነበረው አር-12 ነው። ሮላንድና ሞሊና በ1974 የዚህ ዓይነት ጋዞች የኦዞንን ሽፋን እንደሚያጠፉ አሳዩ፤ የ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት ተከተለ፤ አር-134ኤ ተተካ። እርሱም በተራው ምድርን ስለሚያሞቅ በ2016 በኪጋሊ የተደረሰው ማሻሻያ አጠቃቀሙ እንዲቀነስ ወሰነ። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ይህ ነው፦ አር-134ኤ በ60 ዲግሪ ወደ ፈሳሽነት ሲመለስ ግፊቱ 17 ባር ገደማ ነው፤ በአሮጌው ዓይነት የጎማ ቱቦ ሾልኮ ያመልጣል፤ ከአሮጌው የማዕድን ዘይትም ጋር አይዋሐድም። ለአር-12 የተሠራ አሮጌ መሣሪያ አግኝቶ አዲሱን ጋዝ ዝም ብሎ መሙላት ኮምፕሬሰሩን ያለ ዘይት ማሠራት ነው።

የቀረኝ የቅርሱ ጥያቄ ነው። የ1964ቱ የቬኒስ ቻርተር ስለ ሕንፃዎች የተጻፈ ነው፤ የጥንት መኪኖች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በኋላ የቱሪን ቻርተር በተባለው ሰነድ ተመሳሳይ አስተሳሰብ ለመኪና ወስዷል። ከዚያ መንፈስ እኔ ለሠራተኛው የማወጣው መመዘኛ ቀላል ነው፦ ነገ ሁሉም ነገር ቢወልቅ መኪናው የማያሳየው ጠባሳ መኖር የለበትም። የኮምፕሬሰሩ ማሰሪያ በሞተሩ ላይ ባሉት የብሎን ቀዳዳዎች ይታሰር። ኢቫፖሬተሩ ከዳሽቦርዱ ሥር ይንጠልጠል እንጂ ዳሽቦርዱ አይቆረጥ። ዲናሞው ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ቱቦ ለማሳለፍ ትራፓኖ ከመነሣቱ በፊት በፋብሪካው የተተወ ቀዳዳ ይፈለግ፤ ብዙውን ጊዜ ይገኛል።

አንድ ቀዳዳ ግን ግድ ይላል፤ እርሱም የውሃው ነው። እርጥበት ባለበት አገር ኢቫፖሬተሩ በሰዓት አንድ ሊትር ውሃ ሊያንጠባጥብ ይችላል፤ ያንን ሊትር ከአየር ውስጥ ለማውጣት ብቻ 680 ዋት ያህል ይጠፋል። ውሃው በቱቦ ወደ ውጭ ካልወጣ ከምንጣፉ ሥር ይተኛል፤ የኢ-ታይፕ ወለል ደግሞ ስስ ላሜራ ነው። ባለቤቱ ለሁለት በጋ በቅዝቃዜው ሲደሰት ከእግሩ ሥር ዝገቱ ይበላል። ስለዚህ መኪናውን ከጋራዥ ስትረከቡ የሚነፍሰውን አየር በእጃችሁ ከመዳሰሳችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ መኪናው በቀትር ፀሐይ ቆሞ ሞተሩና ማቀዝቀዣው ለሃያ ደቂቃ ይሥሩ፤ የውሃው መርፌ የት ላይ እንደቆመ ተመልከቱ። ሁለተኛ፣ በርከክ ብላችሁ ከመኪናው ሥር ውሃ መንጠባጠቡን እዩ። ደረቅ ከሆነ ምንጣፉን አንሡት።