መወጣጫው የማን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ጅምር ሕንፃዎችን ከቦ የሚታየው የባሕር ዛፍ አጣና መወጣጫ ነው። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን የማገዶ ችግር ያቃልላል ተብሎ ገባ፤ ዛሬ ግንበኛውን፣ ለሳኙንና ቀለም ቀቢውን ተሸክሞ ያቆማል። ርካሽ ነው፣ በቀላሉ ይገኛል፣ አንዱ ሕንፃ ሲያልቅ ተነቅሎ ወደ ሌላው ይጫናል።

የመውደቅ አደጋውም ከዚሁ ይጀምራል። አጣና ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል። ሚስማር ተነቅሎ በተመታ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል። ክረምት ሲገባ የቆመበት አፈር ይላላል። መረማመጃው ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ጣውላ ነው፤ በወገብ ልክ የሚይዝ አግዳሚ የለውም። አግድመት ወጥሮ የያዘውን እንጨት አንዱ ለሌላ ሥራ ፈልጎ ይነቅለዋል፤ ማንም ልብ አይለውም። ከዚያ በኋላ አንድ አጣና ከከዳ ሌላውን ይዞ ይወርዳል።

ጥፋቱ ግን የእንጨቱ ብቻ አይደለም። ሆንግ ኮንግ ለብዙ ዓመታት ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎቿን የሠራችው በቀርከሃ መወጣጫ ነው፤ የሚያስሩት ግን ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ናቸው። በአሜሪካ ደንብ መሠረት በየፈረቃው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሥራውን የሚያውቅ ሰው መወጣጫውን መፈተሽ አለበት። እኛ ዘንድ የሕንፃው ባለቤት ሥራውን ለኮንትራክተር፣ ኮንትራክተሩ ለሰብ ኮንትራክተር፣ እሱም በቁርጥ ለሚሠራ ቡድን ያስተላልፋል። አጣናውን የመታው አናጢ በማግስቱ ሌላ ሳይት ላይ ነው። መወጣጫው ባለቤት አጥቶ ይቆማል። የጉዳዩ ሥር ይኼ ይመስለኛል።

መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በአረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ከ30 በላይ ምእመናን ሲሞቱ አገር ደነገጠ። አንድ የቀን ሠራተኛ ከ4ኛ ፎቅ ሲወድቅ ግን ሐዘኑ ከሰፈሩ አያልፍም።

ሕግ አልጎደለም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የደህንነት መሣሪያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙንም እንዲያስተምር ያዛል። ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም አሠሪው ኃላፊ ነው። የመድን ሽፋን የሌለው ሠራተኛ ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ከደረሰበት ካሳው የ5 ዓመት ደመወዙ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ለማይሠራ ወጣት ይኼ እጅግ ጥቂት ነው።

መወጣጫ በጨረታ ሰነድ ላይ ራሱን የቻለ ዋጋ ሊቀመጥለት፣ በየማለዳው የሚፈትሸው ሰውም በስም ሊታወቅ ይገባል። እስከዚያው ድረስ የቀን ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ይኼን ይወቁ፦ የጽሑፍ ውል አለመኖር መብት አያሳጣም። የሕክምና ማስረጃና አብረው የሠሩ ምስክሮችን ያዙ፤ ክሱንም 1 ዓመት ሳይሞላ አቅርቡ፤ ካለፈ በይርጋ ይታገዳል።