መቅኔ ውስጥ የሚመረጥ ሙያ

ከአዳባይ ቆላ ተነስቶ ወደ ዘመሮ የሚወጣ እንግዳ ትንፋሹ ያጥረዋል፤ 3,200 ሜትር የሚያልፈው ጓሳ ሲደርስማ ይብስበታል። በሰዓታት ውስጥ ኩላሊቱ የኦክስጅንን ማነስ አውቆ ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ሆርሞን ይለቅቃል። መልእክቱ የሚደርሰው አጥንት ውስጥ ካለው መቅኔ ነው።

መቅኔ ውስጥ ሙያቸውን ገና ያልያዙ ግንደ ሕዋሶች አሉ። ልጆቻቸው ቀይ የደም ሕዋስም፣ ተህዋሲ የሚበላ ነጭ የደም ሕዋስም ሊሆኑ ይችላሉ። ዘረመሉ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው። ዳዊት ደጋሚ መጽሐፉን ሙሉውን ይዞ የዕለቱን ድርሻ ብቻ እንደሚያነብ፣ ሕዋስም የሚያነበው የሙያውን ክፍል ብቻ ነው።

ድርሻውን የሚለዩት ዘረመል ላይ ተጣብቀው የሚከፍቱና የሚዘጉ ፕሮቲኖች ናቸው። ጋታ 1 የቀዩን መንገድ ይከፍታል፣ ፒዩ 1 የነጩን፤ ደግሞም አንዱ ሌላውን ያፍናል። ጋታ 1 ካየለ ኦክስጅን የሚሸከመው የሄሞግሎቢን ዘረመሎች ይነቃሉ። ብዙዎች ሆርሞኑ ሙያውን የሚመርጥ ይመስላቸዋል፤ ዋና ሥራው ግን ወደ ቀይ ያዘነበሉትን ለጋ ሕዋሶች ከሞት ማትረፍ ነው። በመጨረሻ ቀዩ ሕዋስ ዘረመል የያዘውን ኒውክለሱን አውጥቶ ይጥላል። ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም፤ 120 ቀን ያህል አገልግሎ ያልፋል።

ኒውክለሱን ያልጣለ ሕዋስ ግን ሙያ ሊቀይር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የቶማስ ግራፍ ቡድን አንድ ተቆጣጣሪ ፕሮቲን ጨምሮ ቢ ሕዋስ የተባለውን የአይጥ ነጭ የደም ሕዋስ ተህዋሲ ወደሚበላው ዓይነት፣ ወደ ማክሮፌጅ፣ ለወጠ። በ2006 ሺንያ ያማናካ በአራት ዘረመሎች የአይጥን ቆዳ ሕዋስ ወደ ግንደ ሕዋስነት መለሰ፤ በ2012 ከጆን ገርደን ጋር ኖቤል ተሸለመ።

ወደ ደጋችን ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ያስገርማል። የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ሄሞግሎቢን ከፍ ያለ ነው፤ በአንዳንዶቹም ደማቸው ወፍሮ ሕመም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ፣ ኢትዮጵያዊው አምሃ ገብረ መድህን ጭምር፣ ሰሜን ተራራ ላይ አምባራስ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ አማሮችን መርምረው ነበር። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲሊትር ሆኖ ተገኘ፤ ይህ ቆላ ከሚኖር ጤነኛ ሰው ብዙም አይለይም። ኦክስጅን የተሸከመው ሄሞግሎቢን ደግሞ 95.3 በመቶ ነበር። በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት አማራን፣ ኦሮሞንና ትግራይን አነጻጽሮ የተፈጥሮ ምርጫ አሻራ ያገኘው፣ ለኦክስጅን ማነስ በሚሰጠው ምላሽ ውስጥ ሌሎች ዘረመሎችን ከሚቆጣጠር ዘረመል ላይ ነው።