ሳያድር መታየት ያለበት ሕመም

ከሞጣ በስተሰሜን፣ መሬቱ ወደ ዓባይ በሚያዘቀዝቅበት ቆላ፣ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ከእንቅልፉ ባነነ እንበል። «ሆዴን!» ይላል፤ ያስመልሰዋል። እናቱ ፌጦ በሎሚ በጥብጣ ታጠጣዋለች። ልጁ ግን ያልተናገረው አለ፦ ሕመሙ የጀመረው ከሆዱ ሳይሆን ከግራ ቆለጡ ነው። እናቱና እህቶቹ በተኙበት ቤት ይህን መናገር ነውር መስሎታል። ሲነጋ እብጠቱ ታይቶ ወደ ከተማ እስኪደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች።

ይህ የዘር ፍሬ መጠምዘዝ ነው። ፍሬው በከረጢቱ ውስጥ የሚንጠለጠለው የደም ሥሮችን፣ ነርቮችንና የዘር ቧንቧን አንድ ላይ በያዘ ጅማት ነው። ካስማ ላይ የታሰረ ጥጃ ሲዞር ገመዱ እንደሚከርረው ሁሉ፣ ይህም በራሱ ላይ ይጠመዘዝና የደሙን መንገድ ይዘጋዋል። በ6 ሰዓት ውስጥ በቀዶ ሕክምና ከተፈታ ፍሬው አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። 24 ሰዓት ካለፈው ግን የሚተርፈው ጥቂቱ ነው። የኛ ልጅ ደኅናው ጊዜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አልፎበታል። ሕመሙ በብዛት የሚይዘው ከ12 እስከ 18 ዓመት ያሉትን ሲሆን፣ መውደቅ ወይም መመታት የግድ አይደለም፤ በእንቅልፍም ይመጣል። ስለዚህ «ሆዴን» የሚል ወንድ ልጅ ሁሉ «ከታችስ?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ሞጣም ቢቸናም ሆስፒታል አላቸው። ከአቅማቸው በላይ የሆነው ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ይላካል፤ ከሞጣ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከቀበሌ እስከ አስፋልት ያለው የእግር መንገድ ሲጨመርበት፣ በዝምታ የሚያልፍ አንድ ሰዓት ምን ያህል ውድ እንደሆነ ማስላት አይከብድም።

ፍሬዎቹ ከሰውነት ውጭ የተንጠለጠሉት ያለ ምክንያት አይደለም። የዘር ሕዋስ ለመፈጠር ከሰውነት ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ዝቅ ያለ ሙቀት ይፈልጋል። በጽንሱ ጊዜ የሚፈጠሩት ግን ሆድ ውስጥ፣ ከኩላሊት አጠገብ ነው። በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት በብሽሽት በኩል ወደ ከረጢቱ ይወርዳሉ። አንዱ ከሌላው ዝቅ ብሎ መንጠልጠሉ ወይም በመጠን ትንሽ መለየቱ ጤነኛ ነው፤ በዚህ የተነሳ በስውር የሚጨነቁ ወጣቶች ብዙ ናቸው፣ መጨነቅ አልነበረባቸውም። አንዱ ጨርሶ ሳይወርድ ከቀረ ግን ሕፃኑ በ6 ወሩ ለሐኪም ይታይ፤ ቀዶ ሕክምናው ከ18 ወር በፊት ቢሠራ ይመረጣል። የዘገየው ለመካንነትና ለፍሬ ካንሰር ይበልጥ ይጋለጣል።

ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን መገረዙ እዚህ ላይ ትልቅ ዕድል ነው። በዚያ ቀን ሁለቱም ፍሬዎች መኖራቸውን በእጅ መዳሰስ ይቻላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሽንቱ ቀዳዳ ጫፉ ላይ መሆኑን እዩ። አንዳንድ ሕፃናት ቀዳዳው ከብልቱ በታችኛው ጎን ተከፍቶ ይወለዳሉ። እንዲህ ያለው ልጅ መገረዝ የለበትም፤ ሐኪሙ በኋላ አዲስ የሽንት መውጫ የሚሠራለት ከዚያው ከሸለፈቱ ቆዳ ነውና። ገራዡ ቸኩሎ ከቆረጠው ሕክምናው በእጅጉ ይከብዳል። ይህን አንድ ነገር ገራዦች ሁሉ ቢያውቁት ምኞቴ ነው።

ፍሬዎቹ የወረዱበት መንገድ በደንብ ሳይዘጋ ሲቀር ወይም ሲላላ አንጀት ሾልኮ ይወርዳል፤ ቡአ የምንለው ይህ ነው። የጤፍ ኩንታል ሲያነሳ የሚወጣና ጋደም ሲል የሚመለስ እብጠት ይዞ ዓመታት የሚያርስ ገበሬ ጥቂት አይደለም። ሲመቸው ታይቶ ቢሠራለት ቀላል ቀዶ ሕክምና ነው። እብጠቱ አልመለስ ብሎ ከጠነከረ፣ ካመመና ካስመለሰ ግን አንጀቱ ታንቋል፤ ያኔ ሊሞትበት ይችላል። በኃይል ለመመለስ መታገልም ሆነ ማሸት አይገባም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።

ሳያም ቀስ በቀስ የሚያድግ የከረጢት እብጠት ውኃ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም ከዝሆኔ ይመጣል። በጎጃም ደጋ ከቀይ አፈር ጋር የሚያያዘው የእግር ዝሆኔ ከረጢቱን እምብዛም አይነካም። በትንኝ የሚተላለፈው ዝሆኔ ግን ይነካዋል፤ ስለዚህ መተከል ወይም ጋምቤላ ሠርቶ የተመለሰ ሰው ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገር። ፍሬው ላይ የማያም ጠጣር እብጠት ያገኘ ወጣትም ሳምንቱን አያሳልፍ። የፍሬ ካንሰር በብዛት ከ15 እስከ 35 ዓመት ያሉትን የሚያጠቃ ቢሆንም፣ ቶሎ ከተደረሰበት ከሞላ ጎደል ሁሉም ይድናሉ።

ከ50 ዓመት በኋላ ፕሮስቴት የሚባለው የወንዶች ዕጢ ያድጋል፤ ሽንት ይቀጥናል፣ ሌሊት ደጋግሞ ያስነሳል። ይህ ቀጠሮ ይዞ የሚታይ ነው። ሽንት ጨርሶ ከተከለከለ ግን የዚያኑ ቀን፣ ደም ካለው ደግሞ ሳይዘገይ መታየት አለበት። ጥንዶች ልጅ ሲያጡም ጥፋቱ በሚስት ብቻ ይላከካል፤ ልጅ ካጡት ጥንዶች ግን በግማሽ ያህሉ የወንዱም ድርሻ አለበት። ሴቲቱ ከመፈታቷ በፊት ባልየው ይመርመር። ፍትሕ ይህን ይጠይቃል።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ወደየቤቱ ያመጣልን ባለሙያዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ናቸው። እናቶችንና ሕፃናትን ታድገዋል። ወንዱ ግን ከወገቡ በታች ያለውን ለእነሱ መናገር ያፍራል። አባቶች፣ አጎቶች፣ ታላቅ ወንድሞች፦ ልጆቻችሁ ለአቅመ አዳም ሳይደርሱ «ቆለጥህን ካመመህ ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሰኝ» በሏቸው። ሲቀሰቅሷችሁም ጎሕ እስኪቀድ አትጠብቁ።